ፊት ለማዳን ባሕር መሻገር

በ1835 ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በደቡብ ቻይና፣ በካንቶን ከተማ፣ አንድ አባት የ13 ዓመት ልጁን እጅ ይዞ እየፈራ እየተባ ወደ አንድ ሆስፒታል ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ የተከፈተው በዚያው ዓመት ሲሆን ዋና ሥራው የዓይን ሕክምና ነበር፤ ሐኪሙም ፒተር ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ነው። የዕለት ሥራውን ሊጨርስ ሲል ቀና ብሎ ልጅቷን ሲያያት ሁለት ራስ ያላት መሰለው። ከግንባሯ ቀኝ ጎን የተነሣው ዕጢ ዓይኗን ጋርዶ፣ ጉንጯን ሸፍኖ እስከ አፏ ድረስ ወርዷል። አካይ ትባላለች።

ፓርከር ወዲያው ምላጭ አላነሣም። ልጅቷን ለሳምንታት ሲያዘጋጃት ከቆየ በኋላ፣ ብትሞት ሐኪሙን ማንም እንዳይጠይቀው ቤተሰቦቿ ፈረሙለት። በጃንዋሪ 1836 ቀዶ ሕክምናው ተካሄደ። በዚያ ዘመን ካንቶን ውስጥ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለአካይ የተሰጣት ጥቂት የኦፒየም ጠብታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ችሎታ የሚለካው በፍጥነቱ ነበር፤ ፓርከርም ዕጢውን በ8 ደቂቃ ቆርጦ አወጣው። ሲመዘን ከግማሽ ኪሎ በላይ ሆነ። ልጅቷ ዳነች፤ ቁስሏ ጠገገ፤ ተጋርዶ የኖረው ዓይኗም ብርሃን አየ።

ከዚህ ቀዶ ሕክምና አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከዚያው ከካንቶን አካባቢ የተነሣ ሌላ ሕመምተኛ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዞ ነበር። ሁ ሉ ይባላል፤ 32 ዓመቱ ነው። ዕጢው ፊቱ ላይ ሳይሆን ከሆዱ በታች የተንጠለጠለ ሲሆን ክብደቱ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። አገሩ ውስጥ የሚደፍርለት ስላልተገኘ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ወራት ፈጅቶ ለንደን ደረሰ፤ ጋይስ ሆስፒታልም ገባ። በኤፕሪል 1831 የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ ለማየት የመጣው ሕዝብ የተለመደው ክፍል ስላልበቃው ሕመምተኛው ወደ ትልቁ የትምህርት አዳራሽ ተወሰደ። ከስድስት መቶ በላይ ሰው እያየው፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተቆረጠ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞተ።

ድሃን ሕመምተኛ በሌላው ወጪና ደግነት ወደ ሩቅ አገር ወስዶ ለማስቀደድ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ እንዲህ በሞት ነው ያበቃው። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ የሚለው ለዚህ ነው። ሁ ሉ ባሕር ተሻግሮ የማያውቀው አየር፣ የማያውቀው ቋንቋና የማያውቀው ሕዝብ መካከል ሞተ። አካይ አባቷ አጠገብ ሆና ዳነች፤ ባሕር የተሻገረላት ሐኪሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት በጎ አድራጊዎች ልጁ ይሂድ ወይስ ሐኪሙ ይምጣ በሚለው ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ፓርከር ግን ሌላም ልማድ ተክሏል። በካንቶን ላም ኳ የሚባል፣ በአውሮፓውያን ዘይቤ የሚሥል ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር። ይህ ሰው የፓርከርን ዕጢ ያለባቸውን ሕመምተኞች በዘይት ቀለም ይሥል ጀመር፤ ከሰማንያ በላይ የሚሆኑት ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የተሣሉት ሰዎች አያለቅሱም፣ አይለማመጡም፤ የቤተሰብ ሥዕል የሚያሠሩ ይመስል ረጋ ብለው ወደ ተመልካቹ ያያሉ። በ1840 የኦፒየም ጦርነት ሆስፒታሉን ሲያዘጋው ፓርከር ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ እንግሊዝንም ጎበኘ፤ ሥዕሎቹንም ይዞ ለሆስፒታሉ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጠቀመባቸው። የታመመን ሰው ፊት አሳይቶ መለመን ካሜራ ሳይስፋፋ በፊት የተጀመረ ነገር ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና በቀስታ ትሄዳለች፤ ጎኗ ላይ ፊቱ ያበጠ ሕፃን ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ «ውጭ አገር ሄዶ ይታከም» የሚለው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ አለ። አላፊ አግዳሚው ያለውን ይወረውራል፤ ዋሽንግተንና ዱባይ ያለው ወገንም በስልኩ ያየውን ፎቶ ተከትሎ ይልካል። የሕዝቡ ርኅራኄ የሚያኮራ ነው። የሚያሳዝነው ልጁ ለመዳን አስቀድሞ ፊቱን ለከተማው ሁሉ ማሳየት ግዴታ የሚሆንበት መሆኑ ነው። በላም ኳ ሥዕሎች ውስጥ የሰዎቹ ክብር ተጠብቋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ፎቶዎች ግን ይህን ረስተውታል።

የፓርከር ትልቁ ሥራ፣ በዚህ ጸሐፊ ዓይን፣ ከቆረጣቸው ዕጢዎች ይበልጥ ያስተማረው ሰው ነው። ኳን አቶ የሚባል ወጣት፣ የሠዓሊው የላም ኳ የወንድም ልጅ፣ በሆስፒታሉ ተለማምዶ ራሱ ዕጢ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ሆነ። በአሜሪካ የኢተር ማደንዘዣ በ1846 በይፋ ከታየ ብዙም ሳይቆይ ፓርከር ወደ ካንቶን አስመጣው። ሐኪሙ አገሩ ሲመለስ ሙያው ካንቶን ቀረ።

አውሮፕላን ሲመጣ የክርክሩ ሚዛን ተዛባ። ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ ቀናት ሲሆን ልጁን መውሰድ ቀላል መሰለ። የዚህ ዘመን መነሻ ተብሎ ሊጠቀስ የሚችለው የዕጢ ሳይሆን የቃጠሎ ጉዳይ ነው። በሜይ 1955 በሂሮሺማ የአቶም ቦምብ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ 25 ወጣት ሴቶች ከጃፓን ወደ ኒውዮርክ በረሩ። ቦምቡ ሲወድቅ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። የሂሮሺማው ቄስ ኪዮሺ ታኒሞቶና አሜሪካዊው የመጽሔት አዘጋጅ ኖርማን ከዝንስ ናቸው ጉዞውን ያቀናጁት። ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል አልጋ በነጻ ሰጠ፤ በአርተር ባርስኪ የሚመሩት ሐኪሞችም ያለ ክፍያ ሠሩ፤ ሴቶቹን በየቤታቸው ተቀብለው ያስተናገዱት የኩዌከር እምነት ተከታይ ቤተሰቦች ነበሩ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 138 ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ከመካከላቸው አንዷ በቀዶ ሕክምናው ሂደት ልቧ ቆሞ ሞተች፤ ሌሎቹ በ1956 አገራቸው ገቡ።

ባርስኪ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ለአሜሪካውያን ያልተጠበቀ ነበር። የቬትናም ጦርነት ሲፋፋም የተቃጠሉና የቆሰሉ ሕፃናትን ወደ አሜሪካ እናምጣ የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ፤ ጥቂቶችም መጡ። ባርስኪ ግን ሕፃን ከእናቱ፣ ከቋንቋውና ከምግቡ ተለይቶ ለወራት ባዕድ አገር ከሚከርም እዚያው ይታከም አለ። በ1969 በሳይጎን 54 አልጋ ያለው የሕፃናት ፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል ተከፈተ፤ የቬትናም ሐኪሞችና ነርሶችም እዚያው ሠለጠኑበት። ባርስኪ የአየር ጉዞውን ጥቅምም ጉዳትም ከማንም በላይ ያውቅ ነበርና ቃሉ ሚዛን ይደፋል።

ሌሎች ግን መውሰዱን አልተዉም፤ ያልተዉበትም ምክንያት አላቸው። በ1960 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ኤድሞን ካይዘር ቴር ዴ ዞም የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ አገራቸው ሊታከሙ የማይችሉ ሕፃናትን ወደ ስዊዘርላንድ እያስመጣ ማሳከም ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። በ1967 በጀርመን ኦበርሃውዘን የተመሠረተው የሰላም መንደርም ከጦርነትና ከድህነት አገሮች ሕፃናትን እየተቀበለ ማሳከም ቀጠለ። የዚህ መንደር ደንብ ጥብቅ ነው፤ ልጁ አገሩ ሊታከም የማይችል መሆን አለበት፣ ሲድን ደግሞ ወደ ወላጆቹ መመለስ አለበት። ደንቡ ጨካኝ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው አስረክባ የምትሸኘው ተመልሶ እንደሚመጣላት አምና ነው፤ ያ እምነት ከተሰበረ ቀጣዩን ልጅ የሚልክ ቤተሰብ አይገኝም።

በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሜክሲኮ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ አንድ ታዳጊ ለሐኪሙ ዶናልድ ላውብ ቀረበለት። ልጁ ተሠርቶለት ተመለሰ። ላውብ ግን ከልጁ ኋላ ስንት እንዳሉ ሲያስብ የሐኪሞች ቡድን ይዞ ራሱ ወደ ሜክሲኮ መመላለስ ጀመረ፤ በ1969 ኢንተርፕላስት የተባለው ድርጅት ከዚህ ተወለደ። በ1982 ሐኪሙ ቢል ማጊና ባለቤቱ ፊሊፒንስ ናጋ ከተማ ሄደው የቻሉትን ያህል ልጆች ሠሩ፤ ሳይታከም የተመለሰው ግን ከታከመው እጅግ ይበልጥ ነበር። ኦፕሬሽን ስማይል የተመሠረተው ከዚያ ጉዞ ነው።

የተሰነጠቀ ከንፈርን የሠለጠነ ሐኪም በአንድ ሰዓት ገደማ ይሰፋዋል። የፊት ዕጢ ሌላ ነገር ነው፤ ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ መናገር ያስፈልጋል።

በአፍሪካ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው ከሚያገኟቸው ዕጢዎች አንዱ አሜሎብላስቶማ ይባላል። ጥርስን ከሚሠሩ ሕዋሳት ይነሣል፤ በአብዛኛው በታችኛው መንጋጋ ላይ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጨውም እጅግ ከስንት አንዴ ነው። ሲጀምር አያምም፤ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ድድ ያብጣል፣ ጉንጭ በጥቂቱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በራጅ ሊታይና በመጠነኛ ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ካልተነካ ግን ማደጉን አያቆምም። ዓመታት አልፈው ሲታይ ከራስ ቅል የሚተካከል ይሆናል፤ ምላስን ይገፋል፣ አፍ አያስዘጋም፣ ምግብ አያስውጥም፣ በመጨረሻም የመተንፈሻውን መንገድ ይጫናል። ሰው የሚሞትበት በረሃብ ወይም በመታፈን ነው።

እዚህ ደረጃ የደረሰውን ለማውጣት የመጀመሪያው ፈተና ማደንዘዣው ነው። አፉ በዕጢ የተሞላ ልጅ የመተንፈሻ ቱቦ በአፉ አይገባለትም፤ ወይ በአፍንጫው በቀጭን ካሜራ እየተመራ፣ ወይም ጉሮሮው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው የሚገባው። ደም መዘጋጀት አለበት። ዕጢው በጤነኛ አጥንት ጠርዝ ካልተቆረጠ ተመልሶ ስለሚመጣ ከመንጋጋው ግማሹ ወይም ሙሉው ሊሄድ ይችላል። ከዚያ የጎደለው መተካት አለበት፦ በታይታኒየም ብረት፣ ከዳሌ በተወሰደ አጥንት፣ ወይም በ1989 ኒውዮርክ ላይ ዴቪድ ሂዳልጎ ባሳየው ዘዴ፣ ከእግር ቀጭኑን የውጭ አጥንት ከነደም ሥሩ አውጥቶ በመንጋጋ ቅርጽ እየሰበሩ በመትከል። ይህኛው በማይክሮስኮፕ እየታየ የደም ሥር ከደም ሥር የሚሰፋበት የብዙ ሰዓታት ሥራ ነው። ልጅ ሲሆን ደግሞ ፊቱ ገና ስለሚያድግ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያበቃም። ለዚህ ነው ዛሬም ለአንዳንዱ ልጅ አውሮፕላኑ ትክክለኛ መልስ የሚሆነው።

ከአውሮፕላኑም ከሳይጎኑም የተለየ መንገድ የቀየሱ አሉ። በ1978 የተመሠረተው መርሲ ሺፕስ ሆስፒታሉን መርከብ ላይ ጫነ። የመጀመሪያው መርከባቸው አናስታሲስ የጣሊያን መንገደኛ ማመላለሻ የነበረ ሲሆን፣ በ2007 የተተካው አፍሪካ መርሲ ደግሞ በዴንማርክ ባቡር ያሻግር የነበረ መርከብ ነው። መርከቡ በአፍሪካ ወደብ ለወራት ይቆማል፤ ሕመምተኛው በእግሩ ወጥቶ ይገባል፤ ዘመድ ይጠይቀዋል። ጋሪ ፓርከር የተባለው የካሊፎርኒያ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም በ1980ዎቹ አጋማሽ ለጥቂት ወራት ብሎ ተሳፍሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ኖረ፤ ትዳር መሥርቶ ልጆቹንም ያሳደገው መርከቡ ላይ ነው። ዕጢውን ፈርተው ጎረቤት የሸሻቸው፣ እርግማን ነው ተብለው ጓዳ የተደበቁ ልጆች በእጁ አልፈዋል።

ምላጭ የማይፈልግ የፊት ዕጢም እንዳለ ያስተማረችን አፍሪካ ናት። በ1957 ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪሙ ሂዩ ትሮዌል የላይኛውና የታችኛው መንጋጋው በግራና በቀኝ ያበጠ አንድ ልጅ ለዴኒስ በርኪት አሳየው። በርኪት በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ግራ ገባው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጂንጃ ከተማ ሆስፒታል ሲጎበኝ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ሣር ላይ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች ልጅ ተመለከተ፤ ፊቷ ልክ እንደዚያኛው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አልለቀቀውም። በ1958 አሳተመው፤ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየዞረ ዕጢው የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ በካርታ ላይ አሰፈረ።

እዚህ ላይ ባሕር የተሻገረው ልጁ ሳይሆን ከዕጢው የተቆረጠ ቅንጣት ሆነ። ከካምፓላ በጠርሙስ እየታሸገ በአውሮፕላን ለንደን ላይ ለአንቶኒ ኤፕስታይን ይደርሰዋል። በ1963 መጨረሻ አንዱ ጠርሙስ የጫነው አውሮፕላን በጉም ምክንያት ወደ ማንቸስተር ዞሮ ዘገየ፤ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሷል፣ የተበላሸ ይመስላል። ኤፕስታይን ከመድፋቱ በፊት በማይክሮስኮፕ ቢያየው የደፈረሰው በሕይወት ባሉ የዕጢ ሕዋሳት ነበር። ከእነሱ በተራባው ውስጥ በ1964 ከሰው ካንሰር ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ቫይረስ ተገኘ። ካምፓላ ላይ ደግሞ በርኪት ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ከኒውዮርክ የተላኩለትን የካንሰር መድኃኒቶች ሞከረ፤ በጥቂት መርፌ ብቻ የአንዳንዶቹ ልጆች ዕብጠት ሟሽሾ ፊታቸው ተመለሰ። እነዚያን ልጆች ለቀዶ ሕክምና ለንደን መውሰድ ደግነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሚያድናቸው ግን አልነበረም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሕፃናትን ውጭ ልኮ የማሳከሙን መንገድ ከነፍጻሜው ያሳየን የልብ ሕክምና ነው። በ1995 በእስራኤል ዶክተር አሚ ኮኸን የመሠረተው የሕፃናት ልብ አድን ድርጅት በመጀመሪያ ያከማቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። እዚህ ደግሞ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ባቋቋሙት የሕፃናት ልብ መርጃ ማዕከል አማካይነት ሕፃናት ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ እሳቸው ግን መላኩን እንደ መጨረሻ ግብ አላዩትም። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ።

በፊት ሕክምናም ተመሳሳይ ጉዞ ተጀምሯል። በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር በየገጠሩ እየዞረ ከንፈሩ የተሰነጠቀውን፣ ዕጢ ያበቀለውን፣ ጅብ የነከሰውን፣ ኖማ የተባለው በሽታ ጉንጩን የበላውን እየፈለገ ወደ አዲስ አበባ ያመጣል፤ ከውጭ የሚመጡ ቀዶ ሐኪሞችም ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ይሠራሉ። የየካቲት 12 ሆስፒታልም በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ የታወቀ ነው። ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ፣ አማርኛ የማይሰማ ልጅ ከአባቱ ጋር የቀናት መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ለእሱ ውጭ አገር ማለት ያው ነው። አስተርጓሚ፣ ማረፊያ፣ ስንቅና መመለሻ ገንዘብ ሆስፒታሉን ያህል ያስፈልጉታል።

በዚህ ሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ያሉት ግዙፍ ዕጢዎች ሁሉ አንድ ቀን የባቄላ ፍሬ ያህል ነበሩ። ልጅን ለመርዳት ኪሳቸውን የሚከፍቱ ሁሉ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። የአንድ ልጅ የውጭ ጉዞ መዋጮ መቆም የለበትም፤ አገር ውስጥ ለሚሠለጥን የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም፣ ለማደንዘዣ ባለሙያ፣ ናሙና ለሚመረምር የፓቶሎጂ ክፍልና ለወረዳ ሆስፒታል የጥርስ ራጅ የሚዋጣው ግን ፎቶ ስለሌለው ብቻ መዘንጋት አይገባውም። ወላጆችም ልብ በሉ፦ በልጃችሁ መንጋጋ ወይም ጉንጭ ላይ የወጣ ዕብጠት ባያምም እንኳ በሁለትና በሦስት ሳምንት ካልጠፋ፣ ወይም ጥርሱ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ በጋለ ብረት አታስተኩሱት፣ በምላጭ አታስበጡት። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።